ስለ ጥድ ማገዶ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ደጋ ነው ያደግሁት፣ ጥድ እየፈለጥኩ። እናቴ ቤት ዛሬም የሚበሰለው በማገዶ ነው። የጻፋችሁልኝን ጥያቄ ሰብስቤ እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ ጥድ ለማገዶ ይሆናል?

ለማቀጣጠያ እንደሱ ያለ የለም። ልጡን በእጅህ ፈትገህ እንደ ጭድ ካደረግኸው በአንድ ክብሪት ይያያዛል፣ እንጨቱም ቅባት ስላለው ቦግ ብሎ ይነዳል። ግን ፍሙ አይቆይም። በጥድ ብቻ እንጀራ ልጋግር ብትል ከምድጃው ሥር ሳትነሳ ስትማግድ ትውላለህ። በጥድ ለኩስና ባሕር ዛፍ ወይም ግራር ጨምርበት።

ጥያቄ፦ ለምንድን ነው የሚንጣጣው? ነጠላዬን በሳብኝ።

እንጨቱ ውስጥ የታመቀው ውሃና ሙጫ ሲግል ይተንናል፣ መውጫ ሲያጣ ደግሞ ፍም ይዞ ይፈነዳል። የእናቴም ነጠላ ጥለቱ አጠገብ ሽንብራ የሚያህሉ ሦስት ቀዳዳዎች አሉት። እባክሽ በጥድ እሳት አጠገብ ሕፃን አታስቀምጪ። ከቻልሽ ምርጥ ምድጃ አሠሪ፤ ዙሪያው ዝግ ስለሆነ ፍንጣሪውን ይይዛል፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይም ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ጊዜ ይድረቅ?

ፍለጠው፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ ደርድረው፣ ከዝናብ ከልለው፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋ ይለፈው። ሁለት ፍልጥ ስታጋጭ ጠንከር ያለ ቀጭን ድምፅ ከሰጠ ደርቋል። እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ጭሱም ዓይን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ የወተት ዕቃ በጥድ ማጠን ይቻላል?

አይሆንም። ለሱ ወይራ አለልሽ። የጥድ ሙጫ ጥቀርሻው መራራ ነው፣ ሥጋም በቀጥታ አትጥበሺበት።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነኝ። ጓሮዬ ውስጥ ሬድ ሲዳር ወድቋል፣ ሳሎን ያለው ፋየርፕሌስ ውስጥ ባነደውስ?

ስሙ ሲዳር ይባል እንጂ የኛ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ጠባዩም ያው ነው። በደንብ አድርቀው፣ ለመለኮሻ ያህል ብቻ ተጠቀምበት፣ ፊት ለፊቱ የብረት ወንፊት አድርግ። የጭስ ማውጫውን በየዓመቱ አስጠርግ፤ ጥቀርሻው ውስጡ ከተጋገረ ራሱ እሳት ይይዛል። የጭስ ማውጫ በሌለው ዝግ ክፍል ውስጥ ግን እንጨትም ሆነ ከሰል አታንድ፣ ሽታ የሌለው ጋዙ ይገድላል።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው የሊባኖስ ዝግባ ይሄው ነው?

አይደለም፣ የኛም ዝግባ አይደለም። ስሙ ነው የተወረሰው።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ያለውን ጥድ ቆርጠን ብናነደውስ?

መጀመሪያ የትኛው ጥድ ነው? ፍሬው ደረቅና እንጨት የመሰለ ድቡልቡል ከሆነ የፈረንጅ ጥድ ነው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ቆርጣችሁ ተኩበት። ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚሄድ ፍሬ ካለው ግን የሐበሻ ጥድ ነው። እሱን ለማገዶ አትቁረጡት፣ ለምኛችኋለሁ። ለማደግ ብዙ ዘመን ይፈጃል፣ ከነዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በሕግ የተከለከለውም ስለተመናመነ ነው። የደረቀ ቅርንጫፉ፣ የአናጢ ቤት ቁርጥራጩ ይበቃል፤ ቀለም የተቀባውን ተዉት። እኛ አምና ያነደድነው አያቴ የተከሉትን የአጥር ቋሚ ነው። ላዩ ሸብቶ ነበር፣ ምስጥ ግን አልነካውም። ስፈልጠው ውስጡ ገና ቀይ ነው፣ ሽታውም ግቢውን ሞላው።