ሦስት ሺህ ዶላሩን ከመክፈልሽ በፊት

ጥያቄ፦ «27 ዓመቴ ነው። በዲቪ መጥቼ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። ማታ በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) አረጋውያንን እንከባከባለሁ፤ ቀን የሰው ውሻ አንሸራሽራለሁ። አገር ቤት ሳለሁ ሰንበት ትምህርት ቤት በገና ተምሬያለሁ። አሁን በድምፅና በ'ኢነርጂ' ሰውንም እንስሳንም ማከም የሚያስተምር ኮርስ አገኘሁ። ስድስት ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ዋጋው 3,200 ዶላር። ሲያልቅ 'ሰርቲፋይድ ሂለር' እሆናለሁ። በዚህ ሳምንት ከከፈልኩ ቅናሽ አለው። አንዷ ደንበኛዬ ለሚያነክሰው ሽማግሌ ውሻዋ እንድሠራለት ካሁኑ ጠይቃኛለች። ልግባበት ወይ?»

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ሳምንት አትክፈዪ። ቅናሹ ይለፍሽ። ሿሿ ነው እያልኩሽ አይደለም፤ አስተማሪዎቹ የሚያስተምሩትን ከልባቸው ያምኑበት ይሆናል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ወረቀቱ ምን ሥራ ያስገኝልሻል የሚለው ነው።

መጀመሪያ ድምፁንና «ኢነርጂውን» እንለያቸው። በአንድ ጥቅል ይሸጣሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ድምፅ ሰውን እንደሚያረጋጋ አንቺን ማሳመን አያስፈልግም። በሁዳዴ በገና ሲደረደር ሰምተሻል፣ ራስሽም ደርድረሻል። ዳዊት ሲደረድርለት ሳኦል እንዴት እፎይ እንዳለም ሰንበት ትምህርት ቤት ተምረሻል። ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 62 ሰዎች የቲቤት ሳህን (ሲመታ የሚያስተጋባ የብረት ሳህን) ድምፅ እየሰሙ ጋደም ካሉ በኋላ ውጥረታቸው ቀንሶ አግኝቷል። ጉድለቱ ማነጻጸሪያ ቡድን አለመኖሩ ነው። ሰው በጸጥታ ጋደም ቢልም እኮ ይረጋጋል። ስለዚህ «ዘና አደርጋለሁ» ብትዪ የሚከራከርሽ የለም። «ደም ግፊት አድናለሁ» ካልሽ ግን ሌላ ነገር ውስጥ ገባሽ። 528 ኸርዝ (በሰከንድ 528 ጊዜ የሚነዝር ድምፅ) ዲኤንኤ ይጠግናል የሚሉሽን ደግሞ በጨዋ ደንብ አመስግነሽ እለፊያቸው።

ወደ «ኢነርጂው» ስንመጣ፣ ከሁሉ የታወቀው ሬኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ጃፓን ውስጥ ሚካኦ ኡሱይ የጀመረው ነው። እጅ ሰውነት ላይ ወይም ከሰውነት ከፍ ብሎ ይዘረጋል፣ ኃይል ይተላለፋል ይባላል። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ሬኪ ለየትኛውም ሕመም እንደሚጠቅም በግልጽ አልታየም ይላል። ከሬኪ ጋር በሚቀራረብ «ቴራፒዩቲክ ተች» በሚባል ዘዴ ላይ የተሠራ አንድ ሙከራ ደግሞ አለ፤ ለደንበኞቼ ሁሌ የምነግራቸው እሱን ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ኤሚሊ ሮዛ የምትባል የ9 ዓመት ልጅ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት 21 ባለሙያዎችን ሰበሰበች። እጃቸውን በመከለያ ውስጥ አሳልፈው ያስቀምጣሉ፤ እሷ እጇን ከአንዱ እጃቸው በላይ ትይዛለች። የቷ እጅ ላይ እንደሆነ በኃይሉ እንዲለዩ ተጠየቁ። ሳንቲም ብትወረውሪ ግማሹን ታገኛለሽ። እነሱ ከ280 ሙከራ 44 ከመቶውን ብቻ አገኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ወጣ።

አሁን ወደ እንጀራው። ሲኤንኤነትሽ ሥራ ያስገኘልሽ ሜሪላንድ ስለምታውቀው ነው። «ሰርቲፋይድ ሂለር» የሚለውን ወረቀት ግን የሚያውቀው የሰጠሽ ሰው ብቻ ነው። ሆስፒታል በዚህ ወረቀት አይቀጥርሽም፤ ኢንሹራንስም አይከፍልሽም። የማሳጅ ላይሰንስ እንኳን ብዙ መቶ ሰዓት ሥልጠናና ፈተና አለው፤ ይኸኛው ስድስት ቅዳሜና እሁድ ነው። ደግሞ ልብ በዪ፣ ሬኪ ሦስት ደረጃ አለው፤ የመጨረሻው «ማስተር» ነው። እኔ እንደማየው ብዙዎቹ የሚኖሩት ከታካሚ ሳይሆን አዲስ ተማሪ በማስተማር ነው። ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት አስተማሪዋን ፊት ለፊት ጠይቂያት፦ ካስተማረቻቸው ውስጥ ሌላውን ሳያስተምሩ፣ ሰው በማከም ብቻ የቤት ኪራይ የሚከፍሉት ስንት ናቸው?

እንስሳቱ ጋ ስንደርስ የበለጠ እጠነቀቃለሁ። ሜሪላንድ ውስጥ የእንስሳ በሽታ መርምሮ ማከም የእንስሳት ሐኪም ፈቃድ ይጠይቃል። ሌላው ጆሮ ነው። ሰው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ይሰማል፤ ውሻ እስከ 45 ሺህ ገደማ፣ ድመት ከ60 ሺህ በላይ። ለአንቺ የሚጥም ሳህን ለውሻው ራስ የሚበጠብጥ ሊሆን ይችላል። በቃኝ ማለት አይችልማ። ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ሳይደክመው ካዛጋ ተጨንቋል ማለት ነው። «ይኸው ዘና አለ፣ አዛጋ» የሚል ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል።

«ግን ባለቤቶቹ ተሻለው ይላሉ» ትዪኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የሚያነክሱ ውሾችን ተመልክቶ ነበር። መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ነው የተሰጣቸው። እግራቸው ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም በመሣሪያ ሲለካ ለውጥ የለም፤ ባለቤቶቹ ግን ብዙ ጊዜ ተሽሎታል ብለዋል። አልዋሹም፣ ወደውት ነው። አንቺም ውሻውን ስለምትወጂው እንደነሱ ታያለሽ።

ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔን የሳበኝ ኮርሱ አይደለም። ድምፅ ትወጃለሽ፣ እንስሳ ትወጃለሽ፣ የታመመ ሰው አጠገብ መቀመጥ አይከብድሽም። ለነዚህ ስቴቱ የሚያውቃቸው መንገዶች አሉ።

በድምፅ ማከም እኮ በእውነት አለ። የኩላሊት ጠጠር ሆድ ሳይቀደድ ከውጭ በሚላክ የድምፅ ሞገድ ይፈረካከሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ሙኒክ ላይ የተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የእጅ መንቀጥቀጥን በተተኮረ አልትራሳውንድ (የሰው ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ) ማከም አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ለአንቺ የሚቀርበው በር የአልትራሳውንድ ባለሙያነት ነው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እዚያው ሰፈርሽ ያስተምራል። መግቢያው ፉክክር አለው፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስና አናቶሚ መጀመሪያ መውሰድ ይኖርብሻል። አማካይ ደመወዙ ግን በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ግሪን ካርድ ስላለሽ ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ሙዪ፤ ገቢሽ ከፈቀደ ፔል ግራንት የሚባለው ድጋፍ በዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይሰጣል፣ የማይመለስ። ለቅዳሜና እሁዱ ኮርስ ይህን አታገኚም።

ልብሽ ያለው እንስሳት ጋ ከሆነ የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሻንነት የሁለት ዓመት ትምህርትና አንድ አገር አቀፍ ፈተና ነው። በኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ስተርሊንግ ካለው ካምፓስ ይሰጣል። አልደብቅሽም፣ ክፍያው ዝቅ ያለ ነው፤ በዓመት 46 ሺህ ዶላር ገደማ። ሥራውም ወገብ ይፈትናል።

ልብሽ በገናው ጋ ከሆነስ? የሙዚቃ ቴራፒ የዲግሪ ሙያ ነው፤ 1,200 ሰዓት ልምምድና የቦርድ ፈተና አለው። ቨርጂኒያ ዊንቸስተር ያለው ሸናንዶዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። በገና ብቻ አይበቃሽም፤ ጊታር፣ ፒያኖና ዘፈን ይጠይቁሻል። ረጅም መንገድ ስለሆነ ሳትገቢበት በነጻ ሞክሪው። ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) የሚከፍላቸው ሆስፒሶች፣ ማለትም በሕይወታቸው መጨረሻ ያሉ ሕሙማንን የሚንከባከቡ ድርጅቶች፣ ከሕሙማን እንክብካቤ ሰዓታቸው ቢያንስ 5 ከመቶውን በበጎ ፈቃደኛ መሸፈን ግዴታቸው ነው። ስለዚህ ሰው ይፈልጋሉ። ደውዪና «በገና እደረድራለሁ» በያቸው። በዚህ አካባቢ ያሉት የኛ አዛውንቶች ሲሰሙሽ ምን እንደሚሆኑ አንቺው ታዪዋለሽ። ሁለት ወር ከሞከርሽው በኋላ አሁንም ደስ ካለሽ፣ ያኔ ስለ ዲግሪው እናወራለን።

ይህ ሁሉ ተነግሮሽም ኮርሱን ለራስሽ ደስታ ብቻ ልትወስጂው ትችያለሽ፤ ገንዘቡ የራስሽ ነው። ግን ዕዳ ገብተሽ አይሁን። ማንንም መድኃኒት አቁም እንዳትዪ። የኛ ሰው ይህን በመከራ ነው ያወቀው፤ ጠበል እየተጠመቁ የኤችአይቪ መድኃኒት ያቋረጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ እርስ በርስ አይቃረኑም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። አንቺ ዘንድ የሚመጣ ሰው የሐኪሙን ክኒን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይምጣ፤ ስትጨርሺም ይዞት ይሂድ።

የደንበኛሽን ውሻ በተመለከተ፣ ለማንሸራሸር ተከፈዪ፤ ለማከም አትከፈዪ። ሽማግሌ ውሻ ሲያነክስ ብዙ ጊዜ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፣ ግን ሌላ የባሰ ነገርም ሊሆን ይችላል። ያንን የሚለየው የእንስሳት ሐኪም ነው። በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ፣ ጠዋት ይብስበት እንደሆነ፣ ደረጃ ላይ ምን እንደሚሆን በስልክሽ ቅረጺላት፤ ለሐኪሙ ታሳየው። በየቀኑ ሲራመድ የምታዪው አንቺ ስለሆንሽ ከእሷ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።