አንድ «እጠራጠራለሁ»፣ ሁለት እንግሊዝኛ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ንብረት ክፍል ነው የምሠራው። አለቃችን የውጭ ሰው ስለሆነ ሪፖርት የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው ወር የመጋዘኑ ሚዛን እንደተበላሸ ጠረጠርኩና «አይ ዳውት ዛት ዘ ስኬል ኢዝ ሮንግ» ብዬ በኢሜይል ላክሁለት። አመስግኖኝ ዝም አለ። ሦስት ቀን በዚያው ሚዛን ስንመዝን ሰነበትን። በኋላ ጭነቱ ከሰነዱ ጋር አልገጥም ሲል «ሚዛኑ ደህና ነው ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። እኔ መቼ ደህና ነው አልኩ?
ግራ የገባው፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ብለሃል እንጂ ወንድሜ! አለቃህ ያነበበው በትክክል ነው። ግን አይዞህ፣ በዚህ ያልተሸወደ የለም፤ ነገሩን የሚያመጣብን የገዛ አማርኛችን ነው።

እኛ «መጠራጠር»ን ለሁለት ተቃራኒ ነገር እንሠራባታለን። «እሱ ነው የወሰደው ብዬ እጠራጠራለሁ» ስንል ወስዷል ማለታችን ነው። «ዛሬ መምጣቱን እጠራጠራለሁ» ስንል ደግሞ አይመጣም ማለታችን። ሰሚው ከነገሩ አመጣጥ ይለየዋል፣ ማንም አይደናገርም። እንግሊዝኛው ግን ሥራውን ለሁለት ቃል አከፋፍሎታል። «ዳውት» ወደ «አይደለም» ያደላል፣ «ሰስፔክት» ወደ «ነው»። ስለዚህ አንተ የጻፍከው «ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ አላምንም» ሆኖ ነው አለቃህ ጋ የደረሰው።

እኔ የምጠቀምባት መላ አለች። ከመጻፍህ በፊት «እጠራጠራለሁ» የምትለዋን ተዋትና ሐሳቡን በሌላ አማርኛ በለው። ከሸዋ ሮቢት የሚመጣ እንግዳ እየጠበቅህ ነው እንበል፣ ጭጋጉ ደግሞ ጣርማ በርን ውጦታል ተብሏል። «ዛሬ የሚደርስ አይመስለኝም» ካልክ «አይ ዳውት ሂ ዊል አራይቭ ቱዴይ» ነው። «ጭጋግ ይዞት ሳይሆን አይቀርም» ካልክ ግን «አይ ሰስፔክት ሂ ኢዝ ስታክ ኢን ዘ ፎግ»። «አይመስለኝም» ከመጣ ዳውት፣ «ሳይሆን አይቀርም» ከመጣ ሰስፔክት። በቃ።

ለአለቃህ እንግዲህ «አይ ሰስፔክት ዛት ዘ ስኬል ኢዝ ፎልቲ» ብትል ይበቃ ነበር። መዝገብ ላይ የሚቀር ደብዳቤ ከሆነ ራስህን አውጣና «ዘ ስኬል አፒርስ ቱ ቢ ፎልቲ» በል፤ ሚዛኑ የተበላሸ ይመስላል እንደማለት ነው፣ ጠርጣሪው ማን እንደሆነ አይናገርም። ሰው ላይ ሲሆን ግን ሰስፔክትን እንዲህ በቀላሉ አትወርውራት። ፖሊስ ተጠርጣሪን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው።

አለቃህ አንድ ነገር ብሎ አንተ ካልመሰለህስ? «አይ ዳውት ኢት» ለጓደኛ ጥሩ ነው፣ ለአለቃ ግን ቆጣ ይላል። «አይም ኖት ሹር» ብትል ይለሰልሳል። ሪፖርት ላይ ደግሞ «ኢት ኢዝ አንላይክሊ ዛት» ብለህ ጀምር። ደረሰኝ አላምርህ ሲል «ዱቢየስ» እንዳትል ብቻ፤ የማጭበርበር ሽታ ያለው ቃል ነው፣ ገንዘብ ያዡ ይጣላሃል።

ጥያቄ፦ «ኖ ዳውት» ያለ ጥርጥር ማለት ነው አይደል? ድርሰት ላይ ጽፌው መምህራችን አሰመረበት። ደግሞ «ዳውት» ውስጥ ያለችው «ቢ» ትነበባለች?
ተማሪ፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ እህቴ፣ ቃል በቃል አዎ፣ ሲነገር ግን ሳስቷል። «ኖ ዳውት ዩ አር ታየርድ» ያለሽ ሰው «መቼም ሳይደክምሽ አይቀርም» ነው ያለሽ፤ ገምቶ ነው እንጂ አረጋግጦ አይደለም። ድርሰትሽ ላይ ጠንከር እንዲል ከፈለግሽ «ዊዝአውት ዳውት» ወይም «አንዳውትድሊ» በዪ።

ካነሳሽው አይቀር፣ እኛን ሁለተኛ ደረጃ ያስተማረን አንድ ህንዳዊ መምህር ነበር። ትምህርቱን ሲጨርስ ቾኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና እጁን እያራገፈ «ኤኒ ዳውትስ?» ይለናል። እኛ ያስተማረንን እንዳላመንነው ጠርጥሮ የሚጠይቀን እየመሰለን በአንድ ድምፅ «ኖ ሰር!» እንል ነበር። በህንድ እንግሊዝኛ «ዳውት» ጥያቄ ማለት እንደሆነ ያወቅኩት ትምህርት ከጨረስኩ በኋላ ነው። ስንት ያልገባን ሂሳብ በዚያው ቀረ!

«ቢ»ዋ አትነበብም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ሲገባ «ቢ» አልነበረበትም፤ በኋላ የተማሩ ሰዎች ላቲኑን «ዱቢታሬ»ን ለማስታወስ ብለው ጽሑፉ ላይ ሰነቀሯት። ዕዳ ማለት በሆነው «ዴት» ውስጥ ያለችውም እንዲሁ ነው የገባችው።