ጥገናው «የታቀደ» የሚባለው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ድርጅታችን ደመወዝና ሒሳብ የሚሠራው በኢንተርኔት በተከራየው ሲስተም ነው። ውሉ «አገልግሎቱ በወር 99.9 በመቶ ይሠራል» ይላል። ባለፈው ወር ግን ሲስተሙ በሥራ ሰዓት ሁለት ጊዜ ተዘጋ፤ በድምሩ ስድስት ሰዓት። ሁለቱንም ጊዜ የነገሩን ሊዘጉት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። ካሳ ስንጠይቅ «የታቀደ ጥገና ስለሆነ አይቆጠርም» አሉን። እውነት አይቆጠርም?
የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ

መልስ፦ እስቲ ውሉን ያውጡና «ትርጓሜ» የሚለውን ክፍል ይክፈቱ። እኔ ውል እንዳይ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው። 99.9 የሚለውን ሁሉም ያየዋል። ምኑ እንደሚቆጠር የሚወስነው ግን ትርጓሜው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 30 ቀን ያለው ወር 720 ሰዓት ነው። 99.9 በመቶ ማለት በወር ከ43 ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ መቋረጥ ብቻ ይፈቀዳል ማለት ነው። የእናንተ ስድስት ሰዓት ከተቆጠረ ወሩ ወደ 99.17 በመቶ ይወርዳል። ካልተቆጠረ በወረቀት ላይ 100 በመቶ ይሆናል። ሠራተኞቻችሁ ሥራ ፈትተው የዋሉበት ወር እንከን የለሽ ተብሎ ሊመዘገብ ነው።

አቅራቢው ለጥገና ጊዜ መጠየቁን አልቃወምም። ዳታቤዝ ይታደሳል፣ ሰርቨር ይቀየራል፣ የደህንነት ክፍተት ይደፈናል። ይህን ጊዜ የሚነፍግ ውል ራሱ አደገኛ ነው፤ አቅራቢው ቅጣት ፈርቶ ጥገናውን ሲያዘገይ በኋላ የሚመጣው መቋረጥ ይብሳል። ግን የጥገናው ጊዜ ወሰን ይኑረው። በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት? ማስታወቂያው ከስንት ሰዓት በፊት በጽሑፍ ይደርሳል? በወር በድምሩ ከስንት ሰዓት አይበልጥም? ካለፈስ? ጥሩ ውል ትርፉ ጊዜ እንደ ማንኛውም መቋረጥ ይቆጠራል ይላል። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ የሰዓት ሰቁን ነው። አቅራቢው ሌላ አህጉር ላይ ከሆነ የእሱ ሌሊት የእናንተ የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። የእናንተ ነገር ይህ እንዳይሆን ጠርጥሬአለሁ፤ አረጋግጡ።

በግማሽ ሰዓት ማስታወቂያ የተዘጋ ሲስተም ለእኔ አስቸኳይ ጥገና እንጂ የታቀደ አይደለም። ውላችሁ የማስታወቂያ ጊዜ ካስቀመጠ፣ ለምሳሌ 72 ሰዓት፣ ስድስቱም ሰዓት ይቆጠራል፤ ካሳችሁን ጠይቁ። የመጠየቂያው ቀነ ገደብ አጭር ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ነገ አትበሉ። ውሉ «አስቀድመን ያሳወቅነው ማንኛውም ጥገና» ብሎ ካለፈ ግን ክርክራችሁ ደካማ ነው። ያኔ ያላችሁ ዕድል ውሉ ሲታደስ አንቀጹን ማስቀየር ነው።

ጥያቄ፦ በጋዝ ተርባይን የኃይል ማመንጫ የጥገና መሐንዲስ ነኝ። ማሽኑን ለ20 ቀን የታቀደ ጥገና አቆምነው። ሲከፈት ማንም ያልጠበቀው ስንጥቅ የተርባይኑ ምላጮች ላይ ተገኘ፤ ዘጠኝ ቀን ጨመረብን። ኃይል ገዢው ዘጠኙን ቀን እንደ ድንገተኛ ብልሽት ቆጠረብን። ማሽኑ እኮ ቀድሞም በታቀደ ጥገና ላይ ነበር! አግባብ ነው?

መልስ፦ ስንጥቁን አይታችሁ መልሳችሁ ባለመዝጋታችሁ ልትመሰገኑ ይገባል። በቆጠራው ግን ገዢው ትክክል ሳይሆን አይቀርም።

የኃይል ማመንጫው ዓለም ይህን ጉዳይ ከሶፍትዌሩ ዓለም በፊት በደንብ አስቦበታል። የሰሜን አሜሪካው የኤሌክትሪክ አስተማማኝነት ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ኔርክ፣ የማመንጫዎችን መረጃ ሲሰበስብ መቆምን በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛው ከብዙ ጊዜ በፊት ቀኑና ርዝመቱ ተወስኖ የሚደረግ የታቀደ መቆም ነው። ሁለተኛው የጥገና መቆም ነው፤ ችግሩ ታይቷል፣ እስከ ቀጣዩ የታቀደ ጥገና አይቆይም፣ ግን ከመጪው ቅዳሜና እሑድ ማለፍ ይችላል። እስከዚያ እንኳ መቆየት ካልቻለ ሦስተኛው ነው፤ ድንገተኛ። እንዲህ ቁርጥ ያለ መስመር ስላለ «ይሄኛው የቱ ነው?» የሚለው ክርክር ይቀንሳል።

ስለ መራዘምም ደንብ አለው። በመጀመሪያ የታቀደው ሥራ ራሱ ከተገመተው በላይ ጊዜ ከወሰደ የታቀደው ጥገና ማራዘሚያ ይባላል። ያልታሰበ ችግር ተገኝቶ ከተራዘመ ግን እንደ ድንገተኛ ይመዘገባል። የእናንተ ስንጥቅ እዚህኛው ውስጥ ይገባል። ይህ የመረጃ አሰባሰብ ደንብ እንጂ የእናንተ ውል አይደለም፤ የሚገዛችሁ የፈረማችሁት ነው። ከዚህ ለየት ያለ ነገር ጽፋችሁ ከሆነ እሱን ያዙ።

ከዘጠኙ ቀን ይልቅ ግን እኔን የሚያሳስበኝ የማካፈያው ቁጥር ነው፤ ማሽኑ ዝግጁ የነበረበት ሰዓት ለስንት ሰዓት ተካፍሎ መቶኛው ይወጣል? ዓመቱ 8,760 ሰዓት ነው። የታቀደ ጥገና 1,440 ሰዓት፣ ድንገተኛ ብልሽት 300 ሰዓት ሆነ እንበል። የታቀደው ጥገና እንደ ዝግጁ ጊዜ ከተቆጠረ ውጤቱ 96.58 በመቶ ነው። ከማካፈያው ከተቀነሰ 95.90 ይሆናል። እንደ መቆም ከተቆጠረ 80.14 ነው። ያው ማሽን፣ ያው ዓመት! ውሉ 96 በመቶ ዋስትና ቢጠይቅ በመጀመሪያው ያልፋል፣ በሁለተኛው ይቀጣል። ስለዚህ ቀመሩ ከነምሳሌው ውሉ ላይ ይጻፍ። ይህን ያላደረጉ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ጠበቃ ይዘው ሲጨቃጨቁ ማየት ያሳዝነኛል።

ሌላም አለ። በብዙ ትላልቅ ጋዝ ተርባይኖች የሙቁ ክፍል (ትኩስ ጋዝ የሚያልፍበት) ፍተሻ በ24,000፣ ዋናው ኦቨርሆል፣ ማለትም ማሽኑ ተፈታቶ የሚታደስበት ትልቁ ጥገና፣ በ48,000 የሥራ ሰዓት ገደማ ይመጣል። በየዓመቱ እኩል የጥገና ቀን የሚሰጥ ውል ይህን አያውቅም፤ በቀላሉ ዓመት ቀኑ ይተርፋል፣ በኦቨርሆሉ ዓመት ያጥራል። በእኔ እምነት ፍትሐዊው የቀኑን ብዛት ከማሽኑ የሥራ ሰዓት ጋር ማያያዝ ነው። ገዢው በበኩሉ ፍጆታ በሚበዛበት ወቅት አታቁሙ የማለት መብት አለው።

ለቀጣዩ ጥገና ማሽኑ ሲከፈት ሊገኝ ለሚችል ነገር የሚሆኑ ቀናት ከወዲሁ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡና ለገዢው ላኩ። 27 ቀን ጠይቆ በ22 መጨረስ 20 ጠይቆ በ29 ከመጨረስ ለሁለታችሁም ይሻላል፤ ገዢውም ቀድሞ ካወቀ ምትክ ኃይል ያዘጋጃል። ዘጠኙን ቀን በተመለከተ ደግሞ ከመከራከራችሁ በፊት የሥራ ዝርዝሩን አገላብጡ። የምላጭ ቅየራ በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ ከነበረ ቢያንስ ከፊሉን ቀን ማስመለስ ትችሉ ይሆናል።