ኮዱ የማን ነው? የስታርታፕ ሕግ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ለጥያቄ ክፍት ነኝ። ሥራዬ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን ውል ማርቀቅ ነው። ሲጣሉ ደግሞ የተፈራረሙትን አነባለሁ። በደንብ የማውቀው የሶፍትዌር ባለቤትነትን ነው። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ንገሩኝ፦ ኩባንያው የት አገር ተመዘገበ፣ ማን ምን ፈረመ፣ መቼ ፈረመ። ያለዚህ የምሰጣችሁ መልስ ግምት ብቻ ነው። የአገራችሁን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሳታማክሩም በኔ መልስ ብቻ ምንም እንዳትፈርሙ።

ሌሊት ሠሪ፦ እንደምን አመሹ እህታችን። አፓችንን የሠራልን ፍሪላንሰር ነው። ሙሉ ክፍያውን ወስዷል። ውል የለንም፣ በቻት ነው የተስማማነው። አሁን ኢንቨስተር መጥቶ «የኮዱን ባለቤትነት አሳዩኝ» አለን። የባንክ ደረሰኝ አለን። አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ዛሬ ከምንም በላይ ማውራት የምፈልገው ስለዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

ደረሰኝ የሚያስረዳው ገንዘብ መክፈልህን ነው። መብት መግዛትህን አያስረዳም። የቅጂ መብት ሥራው ሲፈጠር አብሮት ይወለዳል፣ የሚወለደውም በጸሐፊው እጅ ነው። የበርን ስምምነት (የቅጂ መብትን የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ውል) አባል በሆኑ አገሮች መብቱ ምዝገባ አይጠብቅም። የ1994ቱ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የዓለም ንግድ ድርጅት የትሪፕስ ስምምነት ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ እንዲጠበቅ ይላል። ስለዚህ የአንተ ፍሪላንሰር በሕግ ዓይን ደራሲ ነው።

ተቀጣሪ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር። በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ መሠረት ሠራተኛ በሥራው ላይ የጻፈው ፕሮግራም የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው፣ በውል ካልተቀየረ በቀር። ፍሪላንሰር ግን ሠራተኛ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1989 አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሐውልት አሠርቶ ከቀራጩ ጋር ተካሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀራጩ ተቀጣሪ ስላልሆነ ሥራው «በቅጥር የተሠራ» ሊባል አይችልም አለ። ሐሳቡን የሰጠውም የከፈለውም ማኅበሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአገሩ ጠበቆች ስለ ፍሪላንሰር ኮድ ሲከራከሩ ይህን ፍርድ ያነሳሉ።

ፍርድ ቤት ብትሄድ ምናልባት የመጠቀም ፈቃድ እንዳለህ ይቆጠርልሃል። መጠቀምና ባለቤት መሆን ግን ለየቅል ናቸው። ኢንቨስተሩ የሚፈራው ያው ፍሪላንሰር ነገ ያንኑ ኮድ ለተፎካካሪህ ቢሸጥስ የሚለውን ነው።

አንድ የያዝኩትን ጉዳይ ላንሳ። ኩባንያው ሊሸጥ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የገዢው ጠበቆች የመጀመሪያውን ስሪት የጻፈው ልጅ ምንም እንዳልፈረመ ደረሱበት። ልጁ ተፈልጎ ተገኘ። ሽያጭ እንዳለ ሲሰማ የፊርማው ዋጋ ሰማይ ነካ። ፈረመ፣ ግን ሽያጩ ዘገየ፣ ዋጋውም ወረደ። ሥራውን በሰጡት ቀን ቢያስፈርሙት አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃ ነበር።

አሁን ስለ ግሡ። በውሉ ላይ «መብቴን አስተላልፋለሁ» አትበል። «በዚህ ውል አስተላልፌያለሁ» በል። የሰዋስው ጭቅጭቅ እንዳይመስልህ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ለዩኒቨርሲቲው «ለማስተላለፍ እስማማለሁ» ብሎ ፈርሞ ነበር። ኋላ አንድ ኩባንያ ዘንድ ሊሠራ ሲሄድ «በዚህ አስተላልፋለሁ» የሚል፣ ያኔውኑ የሚፈጸም ቃል ፈረመ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ኋላ የተፈረመው ያሸንፋል አለ። የመጀመሪያው የወደፊት ቃል ኪዳን ብቻ ነበርና። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2011 ስታንፎርድ ተሸነፈ። በእኛ ቋንቋ ደግሞ «አስተላልፋለሁ» አሁንም ነገም ሊሆን ስለሚችል አደጋው ይብሳል። ያለቀ ግሥ ተጠቀም።

ፍሪላንሰሩን ዛሬውኑ አግኘው። የኮዱን ማከማቻ፣ ዲዛይኑንና ሰነዶቹን በስም ጠቅሰህ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጻፈውን ሁሉ ያካተተ ወረቀት አስፈርመው። እንደ ጀርመን ባሉ አገሮች የደራሲነት መብት ራሱ አይተላለፍም፣ ብቸኛ የመጠቀም መብት ነው የሚሰጠው። የአገሩን ጠበቃ ያልኩት ለዚህ ነው። በጽሑፍ ይሁን። ይህን ቃል ዛሬ ደጋግማችሁ ትሰሙታላችሁ።

ባለ ራእይ፦ ስታርታፕ ልከፍት አስቤያለሁ። በሕግ በኩል ምን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከላይ ሦስት ነገር ንገሩኝ ብያለሁ። አገር የለም፣ ሸሪክ አለህ የለህም አላልክም፣ ምን እንደምትሠራም አልነገርከኝም። አሟልተህ ተመለስ፣ እመልስልሃለሁ።

ሁለተኛ ሙከራ፦ ከጓደኛዬ ጋር 50 በ50 ጀመርን። በስምንተኛው ወር ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። አክሲዮኑ ግን በስሙ ነው። ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ሲከፋፈሉ አክሲዮኑን በአንዴ መስጠት ነው ስህተቱ። የተለመደው አሠራር ቬስቲንግ ነው። መሥራቹ አክሲዮኑን ለመያዝ አራት ዓመት ይሠራል። የመጀመሪያው ዓመት ሳይሞላ ከሄደ ምንም አይወስድም። ከዚያ በኋላ በየወሩ እየተቆጠረለት ይሄዳል። ይህ ውል ቢኖራችሁ በስምንተኛ ወሩ ባዶ እጁን ነበር የሚሄደው። በ14ኛው ወር ቢሄድ ደግሞ ከ50 በመቶ ድርሻው ከ48 ወር የ14ቱን፣ ማለትም ከኩባንያው 14.6 በመቶ ገደማ ይዞ ይቀር ነበር።

አሁን ያለህ መንገድ ድርድር ነው። ገና ኩባንያው ዋጋ ሳያወጣ አብዛኛውን መልሰህ ግዛው። ቆይተህ ብታነሳው ይወደዳል። ስናፕቻት «ሐሳቡ የኔም ነበር» ካለ የቀድሞ ባልንጀራ ጋር ለመታረቅ 157.5 ሚሊዮን ዶላር ነው የከፈለው። ደግሞም ጓደኛህ ኮድ ጽፎ ከሆነ መብቱን ለኩባንያው ማስተላለፉን ፈትሽ። መሥራች መሆን ብቻውን ኮዱን የኩባንያው አያደርገውም። በጽሑፍ ይሁን።

ቢጫ ቁልፍ፦ እኔ ግን 50 በ50 ራሱ ነው ችግሩ እላለሁ። ሁለት ሰው እኩል ሲሆን ወሳኝ የለም። አንዱ 51 ይያዝ።

ሁለተኛ ሙከራ፦ እንደዚያ ብል ኖሮ መጀመሪያውኑ አብሮኝ አይሠራም ነበር።

ቢጫ ቁልፍ፦ በአንድ ፐርሰንት የሚኮርፍ ሸሪክ ሲከፋም ይሄዳል።

ጸጥተኛ ወንዝ፦ ወንድሜ ሰውየው ሥራ አግኝቶ ነው የሄደው፣ ኩርፊያ አልተባለም። እኔና እህቴ ስድስት ዓመት እኩል ነን። ስንጋጭ የሚወስን ሦስተኛ ሰው በቦርድ አስቀምጠናል። ሠርቶልናል።

መልስ፦ ሦስታችሁም የምትሉት እውነት አለበት፣ ግን ጠያቂያችን የተጎዳው በፐርሰንቱ አይደለም። ቬስቲንግ ስላልነበረ ነው። በ51ም ቢሆን ያው 49ኙን ይዞ ይሄድ ነበር። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

አዲስ ገቢ፦ ኢንቨስተሮች ሐሳቤን ከማሳየቴ በፊት የምሥጢር ውል ይፈርሙልኝ?

መልስ፦ አብዛኞቹ አይፈርሙም። በወር ብዙ ተመሳሳይ ሐሳብ ስለሚያዩ እጃቸውን ማሰር አይፈልጉም። ዋናውን ሚስጥር አታሳይ፣ ውጤቱን አሳይ።

ሰባተኛ ፎቅ፦ ምርታችን ውስጥ ጂፒኤል ላይሰንስ (ኮዱ የገባበትን ፕሮግራም ስታሰራጭ ኮዱን ክፈት የሚል ፈቃድ) ያለው ኮድ ገብቷል። ኮዳችንን ሁሉ ለሕዝብ ልቀቁ እንባላለን ወይ? አንዱ ገንቢያችን ምንም አይደለም ይላል።

መልስ፦ መጀመሪያ የምጠይቅህ፦ ለሰው ታድላለህ ወይስ በራስህ ሰርቨር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው? የጂፒኤል ግዴታ የሚነሳው ፕሮግራሙን ስታሰራጭ ነው። ሰው ስልኩ ላይ የሚጭነው አፕ ስርጭት ነው። ሰርቨርህ ላይ አስቀምጠህ በኢንተርኔት አገልግሎት ብቻ ከሰጠህ ተራው ጂፒኤል አይነካህም። በ2007 የወጣው ኤጂፒኤል ግን ይህንኑ ቀዳዳ ለመዝጋት ነው የተጻፈው። ፕሮግራሙን ለውጠህ በኔትወርክ ካገለገልክበት ለተጠቃሚዎችህ ኮዱን ማቅረብ አለብህ። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ አጣራ፣ በስም ይመሳሰላሉ።

«ምንም አይደለም» ለሚለው ልጅ ይህን ንገረው። በ2004 የሙኒክ ፍርድ ቤት ጂፒኤል የሚያስገድድ ነው ብሎ ፈርዷል። በ2008 የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት የኦፕን ሶርስ (የክፍት ኮድ) ላይሰንስ ሁኔታን መጣስ የቅጂ መብት ጥሰት ሊሆን ይችላል ብሏል። ዳኛ መጥቶ ኮድህን በግድ ይከፍተዋል ማለት ግን አይደለም። ማሰራጨት ትከለከላለህ፣ ካሳ ትጠየቃለህ። ብዙ ጊዜ መውጫው ያን ክፍል አውጥቶ በሌላ መተካት ነው። ኤምአይቲና አፓቼ የተባሉት ላይሰንሶች ቀለል ይላሉ፣ የቅጂ መብት ማስታወቂያቸውን ግን ከኮዱ ላይ አታጥፋ። ላይሰንስ የሌለው ኮድ ደግሞ ነፃ ኮድ አይደለም። ፈቃድ ያልተሰጠበት ኮድ ነው።

ቢጫ ቁልፍ፦ እኔ በመርህ ጂፒኤል ወደ ቢሮዬ አላስገባም። ቫይረስ ነው።

ክፍት በር፦ ቫይረስ አትበለው እባክህ። ሰው ዕድሜውን የጨረሰበትን ሥራ በነፃ ሰጥቶህ «አንተም እንዲሁ ስጥ» ነው ያለህ። ካልተስማማህ ራስህ ጻፈው።

ቢጫ ቁልፍ፦ ደመወዝ ከፋይ ብትሆን እንዲህ አትልም ነበር።

ክፍት በር፦ ከፋይ ነኝ። የአራት ሰው።

መልስ፦ እዚህ ላይ ከክፍት በር ጋር ነኝ። ላይሰንስ የደራሲው ቃል ነው። ስለ ራሳችን ኮድ ባለቤትነት የምንጨነቀውን ያህል የሌላውንም እናክብር። ክርክሩ ይብቃ፣ ወረፋው ረዝሟል።

ተስፋ ቆራጭ ያልሆነ፦ ያሰብኩትን አፕ ማንም እንዳይሠራው የዓለም አቀፍ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) እንዴት ላውጣ?

መልስ፦ የዓለም አቀፍ ፓተንት የሚባል ነገር የለም። ፓተንት በየአገሩ ነው። በአንድ አገር ካመለከትክ የኢንዱስትሪ ንብረትን በሚጠብቀው የፓሪስ ስምምነት ሌላ አገር ለማመልከት 12 ወር አለህ። ሐሳብ ብቻውን አይጠበቅም፣ አዲስ ቴክኒካዊ መፍትሔ መሆን አለበት። ለሕዝብ ካሳየኸው ደግሞ በአውሮፓ አብቅቷል። አሜሪካ ግን አንድ ዓመት ትታገሣለች። ስለዚህ ሳታመለክት መድረክ ላይ አታቅርበው። ለአብዛኛው አፕ ግን በፓተንት ከመድከም የንግድ ምልክትን ቀድሞ ማስመዝገብ ይሻላል።

ሩቅ አገር፦ ቢሮዬ አውሮፓ ውስጥ አይደለም። የአውሮፓው የግል መረጃ ሕግ ጂዲፒአር ይመለከተኛል?

መልስ፦ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ላሉ ሰዎች አገልግሎት አስበህ ካቀረብክ ወይም እንቅስቃሴያቸውን ከተከታተልክ፣ አዎ። ድረ ገጽህ እዚያ መከፈቱ ብቻ አይበቃም። ቅጣቱ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ 4 በመቶ ሊደርስ ይችላል፣ ከሁለቱ የበለጠው። የማያስፈልግህን መረጃ አትሰብስብ። ዝርዝሩን የግል መረጃ ባለሙያ ጠይቅ።

አዲስ ገቢ፦ ግብርስ? ኩባንያውን የት ባስመዘግብ ይቀልለኛል?

መልስ፦ ግብር የኔ መስክ አይደለም። የሒሳብ ባለሙያ ጠይቅ።

ዝምተኛ፦ ድረ ገጻችንን የሠራው ጓደኛዬ ነው። ገንዘብም አልተቀበለም፣ በነፃ ነው። የኛ ነው አይደል?

መልስ፦ ለሌሊት ሠሪ የጻፍኩትን አላነበብክም። አይደለም። ተከፍሎት እንኳ መብቱ የሱ ሆኖ የሚቀር ከሆነ በነፃ ሲሠራማ ይብሳል። በጽሑፍ ይሁን። ባንዳንድ አገር በነፃ የተሰጠ ቃል ስለማይጸና ትንሽም ቢሆን ክፈለው፣ ክፍያውንም በውሉ ላይ ጥቀሰው። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ።

ማታ ማታ፦ ቀን ተቀጥሬ እሠራለሁ፣ ማታ የራሴን ምርት እጽፋለሁ። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ምርቱ ከሥራዬ ጋር ትንሽ ይቀራረባል። የማን ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ግልጽ ስለሆነ አመሰግናለሁ። ዛሬውኑ ያን ላፕቶፕ ለራስሽ ሥራ መጠቀም አቁሚ። ከዚያ የቅጥር ውልሽን አውጪና ሁለት ቦታ አንብቢ። አንደኛው በሥራ ዘመንሽ የፈጠርሽው ሁሉ የአሠሪው ነው የሚል እንዳለ። ሁለተኛው ሌላ ሥራ መሥራትን የሚከለክል እንዳለ። ብዙ ውሎች የሚይዙት ሰዓቱን አይደለም፣ መሣሪያውንና መቀራረቡን ነው። አንቺ ሁለቱንም ነክተሻል።

ግልጹ መንገድ ለአሠሪሽ አሳውቀሽ «ይህ ምርት የእርሷ ነው» የሚል ደብዳቤ መቀበል ነው። ካልሰጡሽ ወይ ሥራውን መልቀቅ፣ ወይ ምርቱን ለጊዜው ማቆም ነው። ስትወጪም አንድ ፋይል እንዳትይዢ። ዌይሞ (ራሱን የሚነዳ መኪና የሚሠራ ኩባንያ) ኡበርን የከሰሰው አንድ መሐንዲሱ 14,000 ያህል ፋይሎች አውርዶ ሄዷል ብሎ ነበር። በ2018 ኡበር 245 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ አክሲዮን ሰጥቶ ታረቀ። ያንቺ ኩባንያ እንዲህ ያለ ክስ አይችልም።

ሰባተኛ ፎቅ፦ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያስጻፍነው ኮድስ?

መልስ፦ በ2025 የዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት ማሽን ደራሲ ሊሆን አይችልም ብሏል። ሰው እጁን ያላስገባበት ኮድ አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብት ላይኖረው ይችላል። የትኛውን የኮዱን ክፍል ሰው እንደጻፈውና እንዳረመው መዝግባችሁ ያዙ።

ሌሊት ሠሪ፦ እህታችን፣ ፍሪላንሰሩን አሁን አገኘሁት። እግዜር ይስጠው፣ እሺ ብሏል። ይህን ጽፌለታለሁ፦ «የአፑን ኮድና ዲዛይን ሙሉ መብት ለኩባንያው አስተላልፋለሁ።» ልላክለት?

መልስ፦ ቆይ፣ አትላክ። «አስተላልፋለሁ» የሚለውን «በዚህ ውል አስተላልፌያለሁ» አድርገው። የማከማቻውን ስም ጨምር፣ ሥራው የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን ጨምር፣ ክፍያውን መቀበሉን ጨምር። በመጀመሪያው መልዕክትህ አገራችሁን አልጻፍክም፣ እሱንም ንገረኝ። ረቂቁን እዚሁ መልሰህ አምጣው፣ ሳትልክለት አየዋለሁ።