«አሌፍ ማለት» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራለሁ። በመዝሙረ ዳዊት 118 ላይ በየክፍሉ አናት «አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል» እየተባለ ይሄዳል። በልጅነቴ «አሌፍ ማለት አብ፣ ቤት ማለት ባዕል፣ ጋሜል ማለት ግሩም» ተብዬ ነው የተማርኩት። በቅርቡ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው «አሌፍ ማለት በሬ ነው፣ ቤትም ቤት ነው፤ ሁለቱ ሲገጥሙ አብ ይሆናሉ፤ ምሥጢሩ የቤቱ ብርታት ማለት ነው» ሲል ሰማሁ። ትክክለኛው ትርጉም የቱ ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የጠየቁኝ ስለ ዕብራይስጥ ፊደል ነው። እኔን የያዘኝ ግን «ማለት» የሚለው የራሳችን ቃል ነው። ይህ ቃል ብዙ ሸክም ተጭኖበታል። «ሻሎም ማለት ሰላም ማለት ነው» እንላለን። «እናት ማለት አገር ማለት ናት» እንላለን። የመጀመሪያው የቃል ፍቺ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ ነው። ሁለቱንም በአንድ «ማለት» ስንናገር ሰሚው የቱን እንደሆነ በራሱ ይለያል። ስለማያውቀው ቋንቋ ሲነገረው ግን መለየት አይችልም። እርስዎም የተቸገሩት እዚህ ላይ ነው።

ከሚያውቁት ልጀምር። ፊደል ሲቆጥሩ «ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ» ብለዋል። «ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ» ብለዋል። ታዲያ የሠ ትርጉም ንጉሥ ነው? ሐመር በግዕዝ መርከብ ነውና፣ ሐስ መርከብ ነው? አይደለም። «ንጉሥ» የሚለው ቃል በዚህኛው ሠ ስለሚጻፍ መለያ ሆነው እንጂ ፊደሉ ንግሥና የለውም።

«አሌፍ ብሂል አብ» ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሊቃውንቱ ሃያ ሁለቱን የዕብራይስጥ ፊደላት ይዘው በየድምፃቸው የሚጀምር የግዕዝ ቃል አቆሙላቸው። ዳሌጥ ድልው፣ ሄ ህልው፣ ዋው ዋሕድ፣ ዛይ ዝኩር፣ ሔት ሕያው፣ ጤት ጠቢብ፣ ካፍ ከሃሊ፣ ላሜድ ልዑል፣ ጻዴ ጻድቅ። ፊደሉን የሚቆጥር ልጅ የእግዚአብሔርን ባሕርይ አብሮ ይቆጥራል። ይህ ትርጓሜ ነው። የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት ሊሆን አልተነሣም።

«አባቶች ዕብራይስጥ ባለማወቃቸው የፈጠሩት ስሕተት ነው» የሚሉ የቋንቋ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ዕብራይስጥ አፋቸውን የፈቱ የአይሁድ ሊቃውንትም ይህንኑ አድርገዋል። የባቢሎን ተልሙድ በሚባለው የትምህርት መጽሐፋቸው፣ ሰንበት በሚባለው ክፍል፣ «አሌፍ ቤት» የሚለው «አሌፍ ቢና» ተብሎ ይፈታል፤ ማስተዋልን ተማር ማለት ነው። «ጊሜል ዳሌት» ደግሞ «ገሞል ዳሊም» ይሆናል፤ ለድሆች ቸርነት አድርግ። የጊሜል እግር ወደ ዳሌት የተዘረጋውም ቸር ሰው ድሃውን ተከትሎ ስለሚሮጥ ነው ይላል። እነዚህ ሰዎች ጊሜል ከግመል ስም ጋር እንደሚቀራረብ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ሥራቸው ሌላ ነበር።

አሁን ወደ በሬው እንሂድ። ሰውዬው ግማሹን እውነት ተናግሯል። አሌፍ በጥንት ሴማዊ ቋንቋ የበሬ ስም ነው፤ የፊደሉም ጥንተ ቅርጽ የበሬ ራስ ነበር። ቤት ቤት ነው። ሜም ውኃ፣ ዓይን ዓይን፣ ሬስ ራስ ነው። የእኛም የግዕዝ ፊደላት ስሞች ይህን ይዘዋል፦ ማይ፣ ዐይን፣ ርእስ፣ አፍ። ፔትሪ የተባለው እንግሊዛዊ የቅርስ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1905 በሲና በረሃ፣ ሰራቢጥ ኤል ኻዲም በሚባል የድንጋይ ማዕድን ቦታ፣ ሥዕል የሚመስሉ ጽሑፎች አገኘ። በ1916 ጋርዲነር የሚባል ሊቅ የሥዕሎቹን ስም የመጀመሪያ ድምፅ ብቻ እየወሰደ «በዓላት» የሚል የአምላክት ስም አነበበባቸው። ልብ ይበሉ፣ ቤት ተሥሎ የተነበበው «በ» ተብሎ ነው። ቤቱ እንደ ቤት አልተነበበም። ሥዕሉ ድምፁን ሰጥቶ ትርጉሙን ተወ። ፊደል የሚባለው ነገር የተወለደውም ያን ጊዜ ነው። ግሪኮች በኋላ አሌፍን ወስደው አልፋ ሲሉት፣ በግሪክኛ አልፋ የበሬ ስም አልሆነም።

ስለዚህ «በሬ ሲደመር ቤት አብ ይሆናል» የሚለው አይሠራም። አካዶች፣ የጥንቱ የመስጴጦምያ ሰዎች፣ አባትን «አቡ» ይሉ ነበር። የሚጽፉት ግን በሸክላ ላይ በሽብልቅ ቅርጽ ጭረት ነው። እዚያ ጽሕፈት ውስጥ አሌፍም ቤትም የሉም። አባት ፊደል ሳይኖርም አባት ተብሏል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ልቤ ይሸፍታል። ዮድ በትርጓሜው «የማነ እግዚአብሔር» ነው፣ የእግዚአብሔር ቀኝ እጅ። ዕብራይስጡ ዮድ ደግሞ ከ«ያድ» ነው፤ እጅ ማለት ነው። የግዕዙ የ ስምም «የመን» ነው፣ ቀኝ። እዚህ ላይ የቃሉ ፍቺና የሊቃውንቱ ትርጓሜ ተገናኝተዋል። ሆን ተብሎ ነው ብዬ አልከራከርም። ባነበብኩት ቁጥር ግን ደስ ይለኛል።

ፊደሎቹ እዚያ መዝሙር ላይ ለምን እንደተቀመጡ ካልነገርኩዎት መልሱ ጎደሎ ይሆናል። መዝሙሩ 176 ቁጥሮች አሉት፤ ሃያ ሁለት ፊደል በስምንት በስምንት። በዕብራይስጡ በአሌፍ ሥር ያሉት ስምንቱም ቁጥሮች በአሌፍ ይጀምራሉ፣ በቤት ሥር ያሉት በቤት። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም ይህ ውበት ይጠፋል። በግዕዙ አሌፍ ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው «ብፁዓን» ነው፣ በ «በ» የሚጀምር። ቤት ከሚለው ቀጥሎ ግን «በምንት ያረትዕ ወሬዛ ፍኖቶ» ይላል። እዚህ ላይ ሳይጠፋ ቀርቷል! ዕብራይስጡም «ባሜ» ብሎ በዚያው በ «በ» ነው የሚጀምረው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ መስተዋድድ ስለሚጋሩ። ልጆቹን ይህን ያሳዩአቸው። ከበሬው ይልቅ ይህ ያስደንቃቸዋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በፊደል የተሰወረ ነገር ጨርሶ የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ኤርምያስ 25፥26 ላይ «ሼሻክ» የምትባል አገር ትጠቀሳለች። የመጀመሪያው ፊደል በመጨረሻው፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ባለው ሲለወጥ፣ ቤት ሳን (በዕብራይስጡ ሺን) ይሆናል፣ ላሜድ ካፍ ይሆናል። ሼሻክ ባቤል ናት፤ ባቢሎን። ይህ ስውርነት ሥርዓት አለው። ማንም ሰው በዚያው መንገድ ቢሄድ እዚያው ይደርሳል። የዩቲዩቡ ዘዴ ግን ሰሚውን ተናጋሪው ወደ ፈለገበት ቦታ ይወስደዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ፤ «ትክክለኛው ትርጉም» ወዳሉት። እኔ ሁለቱን ቃላት ለይቼ መጠቀም እወዳለሁ። ቃልን በቃል መተካት ትርጉም ይባል። የቃሉን ምሥጢር ማስፋት፣ የመጻሕፍት መምህራን «አንድም» እያሉ የሚያደርጉት፣ ትርጓሜ ይባል። እንዲህ ከሆነ የአሌፍ ትርጉም በሬ ነው፤ ትርጓሜው አብ ነው። ጠቡም ይበርዳል።

ታሪኩ ግን አይደግፈኝም። ግሡ «ተርጐመ» በጣም አሮጌ ነው። አካዶች አስተርጓሚን «ተርጉማኑ» ይሉት ነበር። አረማይኩ «ተርጉም» ሆነ፤ ዐረቡ «ተርጁማን» አለ፤ የእኛም «ቱርጁማን» ከዚያው ወገን ነው። ጣሊያኖች እንኳ «ድራጎማኖ» ብለው ወስደውታል። በየሄደበት ማስተርጎምንና ማብራራትን አንድ ላይ ተሸክሞ ነው የሄደው። በግዕዙ ማቴዎስ 1፥23 ላይ አማኑኤል «ዘበትርጓሜሁ እግዚአብሔር ምስሌነ» ተብሏል። ያ ንጹሕ የቃል በቃል ፍቺ ነው፤ የተጠራውም ትርጓሜ ተብሎ ነው። ጥቅሱ በእኔ ላይ ይመሰክራል፣ አውቃለሁ። ዛሬ ደግሞ ሰው ሁሉ ሁለቱንም «ትርጉም» ይላል። በመጽሔቱም፣ በስብከቱም፣ በመማሪያ መጽሐፉም እንዲያ ነው። ቋንቋው ወደዚያ ሄዷል፤ ሰዉን «ተሳስተሃል» ልለው አልችልም። ቢሆንም እኔ እስክሞት ለይቼ እጽፋለሁ። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሁለት ስም ይገባቸዋል።

ለክፍልዎ እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «የፊደሉ ስም ጥንት በሬ ማለት ነበር፤ ሊቃውንቶቻችን ደግሞ በአብ ይተረጉሙታል»። «ማለት» ለአንዱ ብቻ ይሁን።

ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ሆሄዎቹን ይጠብቁልኝ። ዛሬ ስንናገር ሀ እና ሐ አንድ ሆነዋል። ይህ ቆጠራ ግን ያለ እነርሱ ይፈርሳል። ሄ በሃሌታው ሀ ነው፣ ህልውም እንዲሁ። ሔት በሐመሩ ሐ ነው፣ ሕያውም እንዲሁ። ዔ በዐይኑ ዐ ነው፣ ዐቢይም እንዲሁ። «ህያው» ብለው ከጻፉት ልጁ ቃሉን ከሄ ሥር ነው የሚፈልገው።

ዳሌጥን በተመለከተ፣ ዕብራይስጡ በታው ነው የሚጻፈው፤ ስለዚህ «ዳሌት» የሚሉት ወደ ምንጩ ይቀርባሉ። እኔ በልጅነቴ በጠ ነው የደገምኩት፤ ዛሬም አፌ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ልጆቹ ዳሌት ብለው ቢያነቡ ግን አያርሟቸው።