መልስ፦ ለድንገተኛ መውጫ የትኛው መጠባበቂያ አየር?

ወንድሜ፣ ጅቡቲ ሄደህ ባሕር ውስጥ 30 ሜትር ልትጠልቅ ነውና ዋናው አየርህ ድንገት ቢቋረጥ «ስፔር ኤር» የምትባለዋ ትንሽ ጠርሙስ ትበቃኛለች ወይ ብለሃል። ለዚያ ጥልቀት አትበቃም። ባለ 3 ኪዩቢክ ፊቷ ሞልታ የምትይዘው 85 ሊትር ገደማ አየር ነው። የብስ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የምትተነፍስ ከሆነ፣ 30 ሜትር ላይ ግፊቱ 4 ባር፣ ማለትም የየብሱ አራት እጥፍ፣ ስለሚሆን በደቂቃ 80 ሊትር ትጨርሳለህ፤ ያውም ካልደነገጥክ! በደቂቃ 9 ሜትር እየወጣህ፣ 5 ሜትር ላይም ለጥንቃቄ 3 ደቂቃ ቆመህ እስክትወጣ ደግሞ 260 ሊትር ገደማ ያስፈልግሃል።

እኔ የምመክርህ የራሱ ሬጉሌተር (አየሩን ወደ አፍህ የሚያደርሰው መተንፈሻ) ያለው ባለ 3 ሊትር ፖኒ ሲሊንደር፣ ማለትም ከዋናው ጎን የሚታሰር ትንሽ የአየር ጠርሙስ ነው። በ200 ባር ሲሞላ 600 ሊትር ይይዛል፤ ደንግጠህ ብዙ ብትተነፍስም ይተርፍሃል። ክብደት አለው፣ እሱን ቻለው። የተሞላ ሲሊንደር አውሮፕላን ላይ ስለማይጫን እዚያው የሚያከራይህን ከመነሳትህ በፊት አፈላልግ።

አደራ የምልህ ግን መመለሻውን ነው። ለተከታታይ ቀናት ከጠለቅህ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትቆይ ወደ አዲስ አበባ እንዳትነሳ፣ በባቡርም ቢሆን። ፒያሳ ቡና የምንጠጣበት ከፍታ እኮ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ለሰውነትህ አውሮፕላን ውስጥ እንደመቀመጥ ነው፤ ከፍታ ላይ ግፊቱ ሲቀንስ ስትጠልቅ ሰውነትህ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊጎዳህ ይችላል።