መቀሱ የት እንደሚቆርጥ ማን ይነግረዋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቢ ህዋስ የተባለው በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ህዋስ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሲያድግ ጂኖቹን ቆርጦና ቀጥሎ ፀረ እንግዳ አካል (ተህዋስያንን የሚይዝ ፕሮቲን) እንደሚሠራ ሳስረዳ፣ አንዲት ተማሪ «ቆራጩ ኢንዛይም በሌላው ተከላካይ፣ በቲ ህዋስም ውስጥ ካለ፣ ቲ ህዋስ ለምን ፀረ እንግዳ አካል አይሠራም?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ይህ ጥያቄ ታላላቅ ተመራማሪዎችን ለዓመታት ያመራመረ ነውና ተማሪዎን ያበርቱልኝ። መልሱ በአጭሩ፣ ኢንዛይሙ በሁለቱም ህዋሳት ውስጥ አንድ ነው፤ የሚለያየው የሚቆረጠው ዲኤንኤ የተጠቀለለበት ሁኔታ ነው።

ጃፓናዊው ተመራማሪ ሱሱሙ ቶኔጋዋ ከኖቡሚቺ ሆዙሚ ጋር እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት፣ የአይጥ ፅንስን ዲኤንኤ ፀረ እንግዳ አካል ከሚያመርት የአይጥ ዕጢ ዲኤንኤ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በፅንሱ ተራርቀው የነበሩት የጂን ቁራጮች በዕጢው ውስጥ ተቀራርበው አገኟቸው። ለዚህ ግኝት ቶኔጋዋ በ1987 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በሰው 14ኛ ክሮሞሶም ላይ ከባድ ሰንሰለት ለሚባለው የፀረ እንግዳ አካሉ ትልቅ ክፍል የሚሆኑ 40 ገደማ ቪ፣ 23 ዲ እና 6 ጄ የተባሉ ቁራጮች ተደርድረዋል። ህዋሱ ከየወገኑ አንዳንድ መርጦ ሲያገጣጥም ከ5,500 የሚበልጥ ጥምረት ይገኛል፤ በየመጋጠሚያው የሚጨመሩትና የሚቀነሱት የዲኤንኤ ፊደላት (ዲኤንኤ የተሠራባቸው ኬሚካላዊ አሃዶች)፣ እንዲሁም ቀላል ሰንሰለት የሚባለው ትንሹ ክፍል ሲታከሉበት ቁጥሩ እጅግ ይበዛል።

ቆራጮቹ ራግ 1 እና ራግ 2 የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ሥራቸውን የሚጀምሩት ከየቁራጩ ጎን ያለችውን አጭር የፊደላት ምልክት ለይተው ነው። ይህችው ምልክት ግን ቲ ህዋስ ተህዋስን የሚለይበትን ተቀባይ በሚሠሩ ጂኖችም ጎን አለች። ስለዚህ ምልክቷ ብቻዋን የምትበቃ ቢሆን ኖሮ አንዱ ህዋስ የሌላውን ጂን ሁሉ በቆራረጠ ነበር።

ወደ 2 ሜትር የሚጠጋው የአንድ ህዋስ ዲኤንኤ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ በማይበልጥ አስኳል ውስጥ የሚያድረው ፈታይ በእንዝርቷ ላይ እንደምታጠነጥነው ክር ተጠቅልሎ ነው። በእያንዳንዱ ጥቅል 147 ጥንድ ፊደላት በ8 የሂስቶን ፕሮቲኖች ዙሪያ ይጠመጠማሉ፤ ክሩና ጥቅሉ በአንድነት ክሮማቲን ይባላሉ። በጥቅሉ ውስጥ የተቀበረችን ምልክት ራግ አያገኛትም። ተመራማሪዎቹ ያንኮፖሎስና አልት በ1985 እንዳሳዩት፣ በለጋ ቢ ህዋሳት ውስጥ ቪ ጂኖች ገና ሳይገጣጠሙ ወደ አርኤንኤ (የጂን ቅጂ) ይገለበጣሉ፤ ይህም ከመቁረጡ አስቀድሞ ጥቅሉ እንደሚላላ የጠቆመ ማስረጃ ሆነ። በ2007 ደግሞ ራግ 2 ራሱ የተከፈተ ክሮማቲንን የሚለይ፣ በሂስቶን ላይ ያለ ኬሚካላዊ ምልክት አንብቦ እዚያው ላይ እንደሚያርፍ ታወቀ። በቲ ህዋስ ውስጥ ዲ እና ጄ አንዳንዴ ቢጋጠሙም ቪዎቹ እንደተዘጉ ስለሚቀሩ፣ ሙሉ የፀረ እንግዳ አካል ጂን አይገኝም። ለተማሪዎ ጥያቄ ዋናው መልስ ይህ ነው።

የርቀቱ ነገር ግን መነሳት አለበት፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ቪዎቹ ከአንድ ሚሊዮን ጥንድ ፊደላት በላይ በሚዘልቅ ክር ላይ ተበትነው ሳለ ሩቁ ቪ እንዴት ከራግ ዘንድ ይደርሳል? ማለዳ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርደው ዓሣ አጥማጅ መረቡን ሲሰበስብ ይመልከቱ። ሰውየው ከተቀመጠበት ሳይነሳ መረቡን በእጁ ይስባል፤ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በየተራ ከፊቱ ሲደርስ ያላቅቀዋል። ራግም በጄዎቹ አካባቢ ተቀምጦ ይጠብቃል። ኮሂሲን የተባለው ቀለበት መሰል ፕሮቲን ክሩን በቀለበቱ እየሳበ ሲያሳልፍለት ቪዎቹ በተራ ይቀርቡለታል። ቀለበቱን ከክሩ የሚያወጣው ዋፕል የተባለ ፕሮቲን ነው፤ በአይጦች እንደታየው፣ በቢ ህዋስ ውስጥ ፓክስ 5 የተባለ ጂን ተቆጣጣሪ ፕሮቲን የዋፕልን መጠን ስለሚቀንስ ቀለበቱ ረጅም መንገድ ይስባል፣ ሩቆቹም ቪዎች ዕድል ያገኛሉ።

ከባዱ ሰንሰለት በትክክል ከተገጣጠመ በኋላ የቪዎቹ አካባቢ ተመልሶ ይዘጋል፣ ቀጥሎም የቀላሉ ሰንሰለት ጂኖች ይከፈታሉ። ይህ ጥንቃቄ ያለምክንያት አይደለም፤ ዲኤንኤን መቁረጥ አደገኛ ሥራ ነው። መጋጠሙ ተሳስቶ የ14ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ከ18ኛው ጋር ሲቀጠል ፎሊኩላር ሊምፎማ ለሚባለው ካንሰር መነሻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። እናት የገጣጠመችው የፀረ እንግዳ አካል ጂን ለልጇ ይወረሳል?

መልስ፦ አይወረስም፣ እህቴ። ቆረጣው የሚከናወነው በቢ ህዋስ ውስጥ እንጂ በእንቁላል ወይም በወንዴ ዘር ውስጥ ስላልሆነ፣ ልጁ የሚወርሰው ያልተቆረጠውን ጂን ነው። ከእናቱ የሚያገኘው ተሠርቶ ያለቀውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ በእንግዴ ልጅ በኩል ያለፈው በጥቂት ወራት ውስጥ ከደሙ እያለቀ ይሄዳል፣ ጡት እስከጠባ ድረስ ግን በወተቱ የሚመጣው አንጀቱን ይጠብቅለታል። እስከዚያው የሕፃኑ መቅኔ የራሱን ቁራጮች መግጠሙን አያቋርጥም።